«ተኳኋኝነት» ስንል ምን ማለታችን ነው? የፎቶ ዳስ ፕሮግራምና አዲስ ሥርዓተ ክወና

1. መነሻ

የኮምፒዩተር ጽሑፎችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ዘወትር ከሚቸገሩባቸው ቃላት አንዱ «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለው ነው። አንዳንዶች «ተስማሚነት»፣ አንዳንዶች «ተጣጣሚነት»፣ ሌሎች ደግሞ «ተኳኋኝነት» ይሉታል። ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ ብዙ ቃላት መኖራቸው ብቻውን ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ከጊዜ በኋላ ልማድ አንዱን መርጦ ያጸናዋል። ጉዳት የሚያስከትለው ተቃራኒው ነው። ይኸውም አንድ ቃል የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦችን ጠቅልሎ ሲይዝና አንባቢው የተነገረው የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ሲሳነው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ችግሩን በአንድ ተጨባጭ ምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን። ምሳሌያችን በሠርግና በምረቃ አዳራሾች የሚቆመው ፎቶ ማንሻ፣ በተለይም እርሱን የሚያሠራው ፕሮግራም ከአዲስ ሥርዓተ ክወና ጋር ሲገናኝ የሚደርስበት ሁኔታ ነው። ይህን ምሳሌ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ መሣሪያው ከብዙ አምራቾች በተገኙ ክፍሎች ስለሚገጣጠም የተኳኋኝነት ዐይነቶች አንድ ላይ ይታዩበታል። ሁለተኛ፣ ሠርግ አይደገምም። ባለ መሣሪያው በስክሪኑ ላይ የሚያነበው ዐረፍተ ነገር ምን ማድረግ እንዳለበት ካልነገረው የሚጠፋው ጊዜ ተመልሶ አይገኝም፤ ደኅና ካሜራውን ወይም ደኅና ማተሚያውን «ተበላሽቷል» ብሎ ሊጥልም ይችላል። የቃሉ ትክክለኛነት እዚህ ላይ የገንዘብና የእምነት ጕዳይ ይሆናል።

በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

2. የነገሩ ምንነት

ስያሜ ከመስጠት በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። በ1925 በሴፕቴምበር ወር፣ ከሳይቤሪያ ወደ አሜሪካ የተሰደደው አናቶል ጆሴፎ በኒውዮርክ ከተማ በብሮድዌይ ጎዳና «ፎቶማቶን» የተባለውን መሣሪያ ለሕዝብ ከፈተ። ሰው ገብቶ ይቀመጣል፤ 25 ሳንቲም ይከፍላል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ 8 ፎቶግራፎች የታተሙበት ቀጭን ወረቀት ይወጣለታል። ሌንሱ፣ መብራቱ፣ ወረቀቱን የሚያጥበው ኬሚካልና የሚያንቀሳቅሰው ማሽን በአንድ ሣጥን ውስጥ፣ በአንድ ንድፍ የተሰናዱ ነበሩ። ስለዚህ «ይህኛው ክፍል ከዚያኛው ጋር ይስማማልን?» የሚለው ጥያቄ ለባለ መሣሪያው አይነሣም ነበር።

የዛሬው መሣሪያ ግን የብዙ እጆች ሥራ ነው። ካሜራው ከአንድ ኩባንያ፣ ኮምፒዩተሩ ከሌላ፣ ማተሚያው ከሦስተኛ ይገዛል። እነዚህን የሚያዝዘውን ፕሮግራም ደግሞ አራተኛ ወገን ይጽፈዋል። ፕሮግራሙ የካሜራውን ሕያው ምስል በስክሪን ላይ ያሳያል፤ ቈጥሮ ያነሣል፤ ሦስት ወይም አራት ፎቶዎችን በአንድ ወረቀት ላይ ያሰናዳል፤ የሙሽሮቹን ስም ይጨምራል፤ ያትማል። ከእነዚህ ሥራዎች አንዱንም በራሱ ሥልጣን አይሠራም። ምስሉን የሚያገኘው፣ ፋይሉን የሚያስቀምጠው፣ ወረቀቱን የሚያትመው በሥርዓተ ክወናው በኩል ነው። ስለዚህ ሥርዓተ ክወናው በተለወጠ ቍጥር ፕሮግራሙ የቆመበት መሬት ይለወጣል።

3. ስለ «ፎቶ ዳስ»

መሣሪያውን ብዙ ሰዎች «ፎቶ ቡዝ» ይሉታል። የአማርኛ ስያሜ ይሰጠው ቢባል ጥቂት አማራጮች ይቀርባሉ። «ፎቶ ቤት» የፎቶግራፍ አንሺውን ሱቅ እንዲያመለክት አስቀድሞ ስለ ተያዘ አይሆንም። «ክፍል» ከመጠን በላይ ሰፊ ነው። «ጎጆ» ሰው የሚኖርበትን ያመለክታል። እኛ የምንመርጠው «ዳስ» የሚለውን ነው። ዳስ ለአንድ ጕዳይ ተጥሎ ጕዳዩ ሲያበቃ የሚፈርስ መጠለያ ነው፤ ከሠርግ ጋርም የቆየ ዝምድና አለው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የዳስ በዓል» የሚለው ስያሜ ቃሉ ለጊዜያዊ መጠለያ ተስማሚ መሆኑን ያሳያል፤ «የዳስ ትምህርት ቤት» የሚለው አነጋገርም ቃሉ ከድግስ ውጭ ላለ አገልግሎት መዋል መቻሉን ያስረዳል።

ይህን ስያሜ መቀበል ሌላም ጥቅም አለው። አፕል ኩባንያ በ2005 በኦክቶበር ወር፣ ካሜራ ከተሠራበት ኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ያወጣው «ፎቶ ቡዝ» የተባለ የራሱ ፕሮግራም አለው። ይህ የተጸውዖ ስም ነው። ሌሎች ደራሲዎች ለሠርግ ሥራ የሚጽፏቸው ፕሮግራሞች ግን የዚሁ ወገን ሁሉ ናቸው እንጂ «ፎቶ ቡዝ» አይደሉም። «ፎቶ ቡዝ በአዲሱ ሥርዓተ ክወና ይሠራል» የሚል ዐረፍተ ነገር ስለ አፕል ፕሮግራም ተጽፎ ሳለ፣ አንባቢው ስለ ራሱ መሣሪያ እንደ ተነገረ አድርጎ ቢወስደው ስሕተቱ ከባድ ይሆናል። ስለዚህ የተጸውዖውን ስም «ፎቶ ቡዝ» ብሎ መተው፣ የወል ስሙን «ፎቶ ዳስ» ማለት ሁለቱን ይለያቸዋል።

4. የሁለቱ ዋና ቃላት ሥር

«ሥርዓተ ክወና» የሚለው ስያሜ በኮምፒዩተር አማርኛ ውስጥ ጸንቷል። ቃሉ በግእዝ የዘርፍ አያያዝ የተሠራ ነው፤ «ክወና» ደግሞ ከግእዙ «ኮነ» ሥር ይመዘዛል። «ክዉን»፣ «ክዋኔ» የሚሉትም የዚሁ ዘመዶች ናቸው። «ኮነ» በአማርኛ «ሆነ» ሲባል ከሥሩ የ«ከ» ድምፅ የቀረው በ«አኳኋን» ውስጥ ይታያል። «ተኳኋነ» የሚለውም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። እንግዲህ «ሥርዓተ ክወና» እና «ተኳኋኝነት» ባዕዳን አይደሉም፤ አንድ ሥር ያፈራቸው ናቸው። ጽሕፈቱን በተመለከተ «ተኳሃኝ» እና «ተኳዃኝ» የሚሉት መልኮችም ይታያሉ። እኛ ከ«አኳኋን» ጋር ያለው ዝምድና እንዳይሰወር «ተኳኋኝ» የሚለውን እንመርጣለን።

ሦስቱ ተወዳዳሪ ቃላት መልካቸው አንድ ነው። «ተስማማ» ከመስማት፣ «ተጣጣመ» ከመጣም፣ «ተኳኋነ» ከመሆን ወጥተው ሁሉም በተደራራጊ ግስ ተሠርተዋል። ከትርጉም አንጻር ግን መለየት ይቻላል። «ተስማሚ» በዕለት ተዕለት ንግግር «ለጤና ተስማሚ»፣ «ለእርሻ ተስማሚ» እንደሚባለው የመመቸት ትርጉም ስላለው ለሙያዊ ስያሜ ጠባብ አይደለም። «ተጣጣሚ» ለመጠንና ለቅርጽ ይስማማል፤ የሽቦ ጫፍ ከመሰኪያው ጋር ሲገጥም «ተጣጣመ» ቢባል ያምራል። «ተኳኋኝ» ግን በጥሬ ትርጉሙ «አብሮ መሆን የሚችል» ማለት ስለ ሆነ፣ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ መሣሪያ ውስጥ አብረው መሥራታቸውን በትክክል ይገልጻል። ለዚህም ነው ሌሎቹን ትተን እርሱን የያዝነው።

ይሁን እንጂ የተደራራጊ ግስ አንድ ጕድለት አለበት። ሁለቱን ወገኖች እኩል አድርጎ ስለሚያቀርብ የተለወጠው ማን እንደ ሆነ፣ መለወጥ ያለበትም ማን እንደ ሆነ አይናገርም። «ፕሮግራሙና ሥርዓተ ክወናው አልተኳኋኑም» ብንል «ባልና ሚስቱ አልተስማሙም» እንደ ማለት ነው፤ ጥፋቱ ከማን ወገን እንደ ሆነ አይታወቅም። በእውነቱ ግን ፕሮግራሙ ትናንት እንደ ነበረው ነው፤ የተለወጠው ሥርዓተ ክወናው ነው፤ መታረም የሚኖርበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ነው። በግእዝ ናባቢ «ቤት» ከ«ክርስቲያን» ጋር ለመናበብ መድረሻውን ለውጦ «ቤተ» እንደሚሆን፣ ፕሮግራሙም ከአዲሱ ሥርዓተ ክወና ጋር ለመኖር የራሱን ጫፍ መለወጥ ይኖርበታል። ተርጓሚው ይህን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ካልገለጸው ቃሉ ብቻውን አይገልጸውም።

5. አምስቱ መጋጠሚያዎች

ጕዳዩን ለማየት የሚመቸው የማክ ኮምፒዩተሮች ሥርዓተ ክወና የሆነው ካታሊና ነው። ካታሊና፣ በሥሪት ቍጥሩ 10.15፣ የወጣው በኦክቶበር 7 ቀን 2019፣ በእኛ አቈጣጠር መስከረም 26 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ብዙ ባለ ፎቶ ዳሶች ኮምፒዩተራቸውን ወደ እርሱ ሲያሸጋግሩ ይሠራ የነበረው ፕሮግራማቸው አልሠራም አለ። ሁሉም «አልተኳኋነም» በሚል አንድ ቃል ተገለጸ፤ ምክንያቱ ግን አንድ አልነበረም። ፕሮግራምና ሥርዓተ ክወና የሚገናኙባቸውን ቦታዎች «መጋጠሚያ» ብንላቸው፣ ለፎቶ ዳስ አምስቱን መለየት ያስፈልጋል።

ሀ) ስፋት። ኮምፒዩተር የማስታወሻውን አድራሻዎች በቍጥር ያውቃቸዋል። በ32 ቢት የሚጻፉ የተለያዩ ቍጥሮች 4,294,967,296 ናቸው፤ ስለዚህ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ማስታወሻ አድራሻ ሊሰጠው አይችልም። ባለ 64 ቢቱ ይህ ወሰን የለበትም። ከካታሊና በፊት የነበረውና በ2018 የወጣው ሞሃቪ ሁለቱንም ዐይነት ያሠራ ነበር፤ ካታሊና ግን ባለ 32 ቢቱን ፈጽሞ አስቀረ። ራሱ ባለ 64 ቢት ሆኖ ሳለ በውስጡ አንድ ባለ 32 ቢት ክፍል የያዘ ፕሮግራምም በዚያ ክፍል በኩል ይወድቃል። አብሮ የቀረው አሮጌው የኩዊክታይም 7 የምስል መሣሪያ ለዚህ ምሳሌ ነው። ይህ መጋጠሚያ ሲላቀቅ ባለ መሣሪያው በቅንብር ሊያስተካክለው አይችልም። መፍትሔው በፕሮግራሙ ደራሲ እጅ ነው፤ ወይም በአሮጌው ሥርዓተ ክወና መቆየት ነው። ሞሃቪ ግን ዛሬ የደኅንነት ጥገና ስለማይደረግለት በእርሱ የሚቆይ ሰው ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት ማራቅ ይበጀዋል።

ለ) የመሣሪያ አስተርጓሚ። ካሜራና ማተሚያ የየራሳቸው የትእዛዝ ቋንቋ አላቸው። ይህን ቋንቋ ለሥርዓተ ክወናው የሚያስተላልፈው አነስተኛ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ «ድራይቨር» ይባላል። በአማርኛ «ነጂ» የሚለው ትርጉም ተሠራጭቷል። ይሁን እንጂ ይህ የቃሉን ቅርፊት እንጂ ፍሬውን አልተረጐመም። «ለማተሚያው ነጂ አልተገኘም» የሚለውን ያነበበ ሰው ስለ መኪና ሊያስብ ይችላል እንጂ ምን እንደ ጐደለው አይረዳም። ሥራው የሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎችን ማገናኘት ስለ ሆነ «የመሣሪያ አስተርጓሚ» እንድንለው ሐሳብ እናቀርባለን። «የመሣሪያ» የሚለው ዘርፍ እንዳይቀር፤ «አስተርጓሚ» ብቻውን የፕሮግራም ቋንቋን መስመር በመስመር የሚፈጽመውንም ሊያመለክት ስለሚችል ነው።

ይህን ከስፋት ለይቶ ማየት ለምን እንደሚጠቅም በዊንዶውስ ላይ ይታያል። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 በባለ 64 ቢት መልኩ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ነገር ግን ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን አሁንም ያሠራል። ባለ 32 ቢት የመሣሪያ አስተርጓሚዎችን ግን አይቀበልም። እንግዲህ በዊንዶውስ ላይ አሮጌው የፎቶ ዳስ ፕሮግራም እየሠራ ማተሚያው ሊዘጋ ይችላል። «ፕሮግራሙ አልተኳኋነም» ማለት እዚህ ላይ ውሸት ይሆናል፤ ባለ መሣሪያው የሚያስፈልገው አዲስ ፕሮግራም ሳይሆን ከማተሚያው አምራች የሚገኝ አዲስ አስተርጓሚ ነውና።

በዚህ አጋጣሚ «አስተርጓሚ» እና «ተርጓሚ» መለየታቸውን ማመልከት እንወዳለን። አፕል በ2020 ከኢንቴል ወደ ራሱ አንጐለ ኮምፒዩተር ሲዛወር ለአሮጌዎቹ ፕሮግራሞች «ሮዜታ 2» የተባለ መሣሪያ አዘጋጀ። ስሙ በ1799 ግብፅ ውስጥ ከተገኘው፣ አንድ ዐዋጅ በሦስት ጽሕፈት ከተቀረጸበት ድንጋይ የተወሰደ ነው። ሮዜታ 2 የተጻፈውን ፕሮግራም ከአንዱ አንጐል የትእዛዝ ቋንቋ ወደ ሌላው ይመልሰዋል። ስለዚህ እንደ ጽሑፍ ተርጓሚ ነው። የመሣሪያ አስተርጓሚ ግን በሁለት ወገኖች መካከል ቆሞ የሚነጋገሩትን ወዲያውኑ ያመላልሳል። ሮዜታ 2 ባለ 64 ቢት ፕሮግራሞችን ብቻ ይተረጕማል፤ በካታሊና የወደቀውን አያነሣም።

ሐ) ይሁንታ። ከሞሃቪ ጀምሮ አንድ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ካሜራ ወይም ማይክሮፎን ለመጠቀም ሲፈልግ ሥርዓተ ክወናው ባለቤቱን ይጠይቃል። ካታሊና ጥያቄውን ወደ ስክሪን መቅረጽና ወደ አንዳንድ የፋይል ማኅደሮች አስፋፋው። ባለቤቱ «አይሆንም» ብሎ ከነበረ፣ ወይም ጥያቄውን ሳያነብ አልፎት ከሆነ፣ የፎቶ ዳሱ ፕሮግራም ይከፈታል፤ ምስል ግን አያገኝም፤ ወይም ያነሣውን ፎቶ ማስቀመጥ አይችልም።

እዚህ ላይ የአማርኛ ተርጓሚ ከባድ እንቅፋት ያጋጥመዋል። በእንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ቃላት ያሏቸው ጽንሰ ሐሳቦች፣ አንደኛው ተጠቃሚው ለፕሮግራሙ የሚሰጠው፣ ሁለተኛው የፕሮግራሙ ባለቤት በገንዘብ ለተጠቃሚው የሚሰጠው፣ ሁለቱም በአማርኛ «ፈቃድ» ተብለዋል። «ፕሮግራሙ የካሜራ ፈቃድ የለውም» የሚል መልእክት ያነበበ ባለ ፎቶ ዳስ የገዛው ፈቃድ ያለፈበት መስሎት ሁለተኛ ጊዜ ሊከፍል ይችላል፤ ማድረግ የነበረበት ግን ቅንብሩን ከፍቶ አንድ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ስለዚህ ተጠቃሚው የሚሰጠውን «ይሁንታ»፣ የሚገዛውን «የመጠቀም ፈቃድ» ብለን እንድንለይ ሐሳብ እናቀርባለን። «ይሁንታ» «ይሁን» ከማለት የወጣ ነው፤ ባለቤቱ በስክሪኑ ላይ የሚለውም ይህንኑ ነው። የሥሩም ዝምድና ከላይ ካየናቸው ቃላት ጋር ነው።

መ) ማኅተም። ከካታሊና ወዲህ፣ ከአፕል መደብር ውጭ የሚሠራጭ አዲስ ፕሮግራም አስቀድሞ ወደ አፕል ተልኮ ጎጂ ነገር አለመያዙ በማሽን እንዲመረመርና ምልክት እንዲደረግበት ይጠየቃል። ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስም የመሣሪያ አስተርጓሚዎች በታወቀ አካል እንዲፈረምባቸው ይፈልጋል። የእንግሊዝኛው ስያሜ በአገራችን «ውልና ማስረጃ» ከሚባለው ሥራ የተወሰደ ነው። እኛ ለሁለቱም «ማኅተም» ብንል ይበቃል እንላለን። «ፕሮግራሙ ማኅተም የለውም» የሚለውን ማንኛውም አንባቢ ይረዳዋል፤ ወረቀቱ ሐሰተኛ ነው ማለት ሳይሆን ማን እንደ ላከው አልተረጋገጠም ማለት መሆኑንም ያውቃል። ማኅተም የፕሮግራሙን ሠርቶ ማሳየት አይመሰክርም፤ ምንጩንና ጎጂ አለመሆኑን ብቻ ነው።

ሠ) ቅርጸት። በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች ተገናኝተው፣ ተፈቅዶላቸውና ታትሞላቸው፣ የሚለዋወጡት ነገር በማይገባቸው መልክ ሊመጣ ይችላል። በኦገስት 2016 የወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ማይክሮሶፍት ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ካሜራ በአንድ ጊዜ እንዲጠቀሙ በማሰብ የምስሉን አቀባበል ለወጠ፤ በዚህም ምክንያት ፕሮግራሞች ቀድሞ ከዌብካም በቀጥታ ይቀበሏቸው የነበሩ ሁለት የተጨመቁ ቅርጸቶች፣ ኤምጄፔግና ኤች.264፣ ተከለከሉ። ቅርጸቶቹን ይጠብቁ የነበሩ ፕሮግራሞች ምስላቸው ደርቆ ቀረ። ካሜራው ደኅና ነበር፤ ፕሮግራሙም ደኅና ነበር። ኩባንያው በኋላ ባወጣው ጥገና አስተካክሎታል።

የፊደላችን ጕዳይም በዚሁ መጋጠሚያ ሥር ይገባል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በ1999 በወጣው በሥሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የተዘጋጁት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቍጥር ድልድል ነበራቸው፤ ብዙዎቹም በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግእዙን ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። የፎቶ ዳስ ባለቤት የሙሽሮችን ስም ያሰናዳበት የወረቀት ንድፍ በእንዲህ ያለ አሮጌ መጻፊያ ተጽፎ ከነበረ፣ መጻፊያው ባልተጫነበት አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ስሙ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ሆኖ ይታተማል። ፕሮግራሙ ከአምስቱ መጋጠሚያዎች በአራቱ የተኳኋነ ሆኖ ሳለ በአምስተኛው የሙሽራይቱ ስም ይጠፋል።

6. የማስጠንቀቂያዎቹ ቃል

ለተርጓሚዎች በተለይ ትምህርት የሚሆነው አፕል ስለ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች ያወጣቸው ማስጠንቀቂያዎች አነጋገር ነው። የመጀመሪያው ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ ሃይ ሲየራ በተባለው ሥርዓተ ክወና ላይ ይታይ ጀመር። መልእክቱ በይዘቱ፣ ፕሮግራሙ ለዚህ ኮምፒዩተር «ኦፕቲማይዝድ» እንዳልሆነና መታደስ እንደሚያስፈልገው የሚናገር ነበር። የተጠቀመበት ቃል የብቃት ደረጃን የሚያመለክት ነው። ቃሉን የተረጐመ ሰው «በተሻለ ሁኔታ አልተሰናዳም» ሊለው ይችላል፤ አንባቢውም «ትንሽ ይዘገይ ይሆናል እንጂ ይሠራል» ብሎ ያልፈዋል። እንዲያውም ያን ጊዜ ይሠራ ነበር። የመልእክቱ እውነተኛ ቁም ነገር ግን «ይህ ፕሮግራም ወደፊት በሚወጣ ሥርዓተ ክወና ፈጽሞ አይሠራም» የሚል ነበር።

በካታሊና ላይ የሚታየው መልእክት የበለጠ ግልጽ ነው፤ ፕሮግራሙን ማደስ የሚገባው ደራሲው መሆኑን ይገልጻል። ይህንም ብዙ ጊዜ በአማርኛ «ፕሮግራሙ መዘመን አለበት» ብለን በተደራጊ ብንመልሰው አድራጊው ይጠፋል፤ አንባቢውም ለራሱ የተሰጠ ትእዛዝ አድርጎ በመውሰድ የሌለ ማዘመኛ ሲፈልግ ይውላል። «የፕሮግራሙ ደራሲ ፕሮግራሙን ለዚህ ሥርዓተ ክወና እስኪያድሰው ድረስ አይሠራም» ቢባል ግን ማን ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል።

ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች አንድ ደንብ ማውጣት ይቻላል። የማስጠንቀቂያ ትርጉም ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ፦ የትኛው መጋጠሚያ ተላቀቀ? መጠገን የማን ድርሻ ነው? አሁን ይሠራል ወይስ አይሠራም? ዋናው ጽሑፍ እነዚህን ቢሸሽግ እንኳ ተርጓሚው ከነገሩ ዐዋቂ ጠይቆ ሊገልጣቸው ይገባል። ለቃሉ ታማኝ ሆኖ ለነገሩ ታማኝ ያልሆነ ትርጉም በዚህ ሙያ ውስጥ ስሕተት ነው።

7. ማዘመንና ማሸጋገር

ሌላ መለየት ያለበት ጥንድ አለ። ያለውን ሥሪት በጥቃቅን ጥገና ማደስና ከአንዱ ሥሪት ወደ ሌላው መዛወር በአማርኛ ሁለቱም «ማዘመን» ወይም «ማሻሻል» ይባላሉ። ለባለ ፎቶ ዳስ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ መጋጠሚያዎቹን እንዳሉ ይተዋቸዋል፤ ሁለተኛው ሊያላቅቃቸው ይችላል። «ከዝግጅቱ በፊት ኮምፒዩተርዎን ያዘምኑ» የሚል ምክር ያነበበ ሰው በሠርጉ ዋዜማ ሥርዓተ ክወናውን በሙሉ ቢለውጥ ጥፋቱ የርሱ ብቻ አይደለም፤ የቃሉም ነው። ስለዚህ «ማዘመን» ለመጀመሪያው እንዲቀር፣ ሁለተኛው «ማሸጋገር» እንዲባል እንመክራለን። በ2016 ያየነው የዊንዶውስ ማሻሻያ ስሙ ትንሽ ሆኖ ሥራው የማሸጋገር እንደ ነበር ማስታወስ ግን ይገባል፤ ስያሜውን የሚወስነው አምራቹ የሰጠው ስም ሳይሆን የነገሩ ጠባይ ነው።

ጕዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በአሮጌ ኮምፒዩተሮች የማይገኝ የደኅንነት ክፍል በመሣሪያው ውስጥ እንዲኖር ይጠይቃል። ስለዚህ በአሮጌ ኮምፒዩተር የሚሠራ ፎቶ ዳስ ሁሉ ሽግግር ይጠብቀዋል። ለባለቤቶቹ የሚጻፍ የአማርኛ መመሪያ የሽግግሩን ሥርዓት በግልጽ ቃል ሊነግራቸው ይገባል፦ አስቀድሞ የአሁኑን ዲስክ በሙሉ መቅዳት፤ ሽግግሩን በሌላ ዲስክ ላይ መሞከር፤ አምስቱን መጋጠሚያዎች በየተራ መፈተሽ፤ ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ ታተመው ወረቀት አንድ ሙሉ ዙር ማሠራት፤ ይህንም ከድግሱ ሳምንት አስቀድሞ መፈጸም።

8. የስያሜዎቹ ጥቅል

ከዚህ በላይ ያቀረብናቸው ስያሜዎችና ፍቺዎቻቸው የሚከተሉት ናቸው።

ፎቶ ዳስ፦ ሰዎች ገብተው ወይም ፊት ለፊቱ ቆመው ራሳቸው ፎቶ የሚነሡበት፣ ወዲያው የሚያትም ጊዜያዊ መሣሪያ። (የወል ስም)

ሥርዓተ ክወና፦ የኮምፒዩተሩን ክፍሎች የሚያስተዳድርና ሌሎች ፕሮግራሞች የሚሠሩበት መሠረታዊ ፕሮግራም።

ተኳኋኝነት፦ አንድ ፕሮግራም ወይም መሣሪያ ከሌላው ጋር አብሮ መሥራት መቻሉ፤ የትኛው መጋጠሚያ እንደ ሆነ ካልተገለጸ ያልተሟላ ቃል።

መጋጠሚያ፦ ፕሮግራም፣ መሣሪያና ሥርዓተ ክወና የሚገናኙበት ቦታ።

የመሣሪያ አስተርጓሚ፦ የካሜራን፣ የማተሚያንና የመሳሰሉትን ትእዛዝ ለሥርዓተ ክወናው የሚያመላልስ ፕሮግራም።

ይሁንታ፦ ተጠቃሚው ፕሮግራሙ በካሜራ፣ በማይክሮፎን ወይም በፋይሎቹ እንዲጠቀም የሚሰጠው እሺታ።

የመጠቀም ፈቃድ፦ የፕሮግራሙ ባለቤት ለተጠቃሚው የሚሸጠው ወይም የሚሰጠው መብት።

ማኅተም፦ የፕሮግራም ምንጭ መታወቁንና መመርመሩን የሚያሳይ ምልክት።

ቅርጸት፦ ምስል፣ ጽሑፍ ወይም ሌላ መረጃ የሚቀመጥበትና የሚተላለፍበት መልክ።

ማዘመን፦ ያለውን ሥሪት መጠገን። ማሸጋገር፦ ወደ ሌላ ሥሪት መዛወር።

እነዚህን ስያሜዎች ያቀረብናቸው ልማድ የያዛቸውን ሁሉ ለመሻር አይደለም። «ነጂ» የሚለው ቃል በብዙ ስክሪኖች ላይ ስላለ ባንድ ጊዜ እንደማይጠፋ እናውቃለን። የምንጠይቀው ተርጓሚው ቃሉን ከመጻፉ በፊት ከስክሪኑ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው እንዲያስብ ነው። ያ ሰው እንግዶቹ ተሰልፈው፣ ሙሽሮቹ ዘውዳቸውን እንደ ደፉ፣ አንድ መስመር ጽሑፍ ያነባል። መስመሩ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ሊነግረው ይገባል። የተሻለ ስያሜ ያላቸው ባለሙያዎች ከነምክንያቱ ቢጽፉልን በደስታ እንቀበላለን።